ጣሳ በእርሳስ መሳል፦ ከባዶ ወረቀት እስከ መጨረሻው ጥላ

ቅዳሜ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለችው ቤቴ ውስጥ አምስት ስድስት የሰፈር ልጆች ወረቀት ይዘው ይሰበሰባሉ። ጠረጴዛው ላይ የማስቀምጥላቸው ያው አንድ ጣሳ ነው። የሚሠሩት ስህተትም ያው ነው። የጣሳው አፍ ግራና ቀኝ እንደ ሳምቡሳ ይሾላል። መቀመጫው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ይላል። ጥላው ደግሞ በሁለቱም ጠርዝ እኩል ይጠቁራል። ሲጨርሱት ጣሳ ሳይሆን በር ይመስላል።

እጃቸው ምንም አልሆነም። ችግሩ ዓይናቸው የሚያየውን ትተው የሚያውቁትን መሳላቸው ነው። ስለዚህ ከታች ባለው ቅደም ተከተል ግማሹ ጊዜ የሚያልፈው በማየትና በመለካት ነው፤ ማጥቆሩ ዘግይቶ ይመጣል። ሁለት ሰዓት ግድም ያዙለት። በመሃል ተነሥታችሁ ቡና ብትጠጡ ችግር የለም፤ ጣሳውን ግን ማንም እንዳይነካባችሁ።

አስቀድማችሁ የምታዘጋጁት

ጣሳው። የዱቄት ወተት ወይም የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ አፉ የተከፈተ። የኔው 10 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 12 ሳንቲሜትር ቁመት አለው፤ ከዚህ በታች የምሰጣችሁ ልኬት ሁሉ በሱ ነው። ውሃ መቅጃ ሆኖ የተጣመመ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ጣሳው ራሱ ከተጣመመ፣ ስህተቱ የእናንተ ይሁን የሱ መለየት አትችሉም። የተከፈተው ጠርዝ እጅ ይቆርጣል፤ ልጆች ካሉ ዙሪያውን ፕላስተር ለጥፉበት።

ብርጭቆ አትምረጡ፤ ብርሃን ያሳልፋል። ሲኒም ወደ ታች ስለሚጠብ ለሚቀጥለው ወር ይቆይ። ጀበና የሚያምራችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ እሱም ይቆይ።

የጣሳው መጠቅለያ። ጣሳውን ዙሪያውን በነጭ ወረቀት ጠቅልሉት። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ነገር ግን የማስታወቂያው ፊደልና የብረቱ ብልጭልጭታ እያለ ጥላውን ለይቶ ማየት ለጀማሪ አይቻልም። ባለ 10 ሳንቲሜትር ጣሳ ዙሪያው 31 ሳንቲሜትር ተኩል ይጠጋል፤ የኤ4 ወረቀት ርዝመት 29.7 ነው። አንዱ ወረቀት ሳይገጥም ይቀራል ማለት ነው። ክፍተቱን ወደ ኋላ አዙሩት፣ ከተቀመጣችሁበት አይታይም።

እርሳስ። ኤችቢ፣ 2ቢ፣ 4ቢ እና 6ቢ። ከ"ቢ" በፊት ያለው ቁጥር ሲጨምር እርሳሱ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራልም። በሰፈር ሱቅ የምታገኙት ብዙውን ጊዜ ኤችቢ ብቻ ነው። ለንድፉ ይበቃል፤ ለጥላው ግን አይሆንም። ኤችቢን ተጭናችሁ ጥቁር ለማድረግ ብትታገሉ ወረቀቱ ይሰረጉዳል፣ ቀለሙም እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። መርካቶ ወይም ፒያሳ ስትወጡ ቢያንስ አንድ 4ቢ ግዙ። ስትገዙ ጫፉን ተመልከቱ፦ ጥቁሩ ከእንጨቱ መሃል ወጣ ያለ ከሆነ መልሱት፣ በተቀረጸ ቁጥር ይሰበራል። ወለል ላይ የወደቀ እርሳስም ውስጡ ተሰባብሮ ስለሚቀር በተቀረጸ ቁጥር እየተቆረጠ ይወጣል።

ወረቀት። ትንሽ ሻካራነት ያለው የሥዕል ወረቀት ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ የፎቶ ኮፒ ኤ4 ይሆናል፤ ከሥሩ አራት አምስት ወረቀት አንጥፉለት። ይህን ካላደረጋችሁ የጠረጴዛው ጭረትና የእንጨቱ መስመር ሁሉ ጥላችሁ ላይ ታትሞ ይወጣል።

ላጲስ። ነጭና ለስላሳው። እርሳሱ ጫፍ ላይ የተሰካችው ሮዝ ላጲስ ወረቀት ትቧጭራለች፤ እርሷን እርሷት። ነጩን ላጲስ በምላጭ በሰያፍ ቁረጡትና ስለታም ጠርዝ አውጡለት። ኋላ ለብርሃኑ መስመር ያስፈልገናል።

ሌላ። ማስመሪያ፣ ሶፍት፣ ከእጃችሁ ሥር የምታደርጉት ቁራጭ ወረቀት። ለጥላ የምትጠቀሙበትን እርሳስ በምላጭ ቅረጹትና ጥቁሩ 1 ሳንቲሜትር ያህል ይውጣ፤ በጎኑ ለማጥቆር ይመቻል። ለልጆች ግን መቅረጫው ይበቃል።

1. ብርሃኑን አንድ አድርጉት

የጣሪያውን አምፖል አጥፉ። መስኮቱ ብቻ ይቅር። በቀኝ እጃችሁ የምትጽፉ ከሆነ መስኮቱ በግራችሁ ይሁን፤ በግራ የምትጽፉ ደግሞ በቀኛችሁ፣ ከዚህ በኋላ የምለውንም ግራና ቀኙን አገላብጡት። እንዲህ ካልሆነ የገዛ እጃችሁ ጥላ ሥራችሁ ላይ ይወድቃል።

አውሮፓ ውስጥ የተጻፉ የሥዕል መጻሕፍት "ወደ ሰሜን የዞረ መስኮት ፀሐይ አይገባበትም" ይሏችኋል። እኛ ጋ አይሠራም። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው፤ በቀሪው ጊዜ በደቡብ። ስለዚህ አቅጣጫውን ትታችሁ በምትቀመጡበት ሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበትን መስኮት ምረጡ። ሌላ መስኮት ከሌለ ስስ ነጭ ጨርቅ ጋርዱበት፤ ያረጀ ነጠላ ከመጋረጃ ይሻላል።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ብትጀምሩ ጥሩ ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትሄዳለች፤ እስክትጨርሱ ጥላው ቦታውን ይለቃል። ከመጀመራችሁ በፊት ጣሳውን በስልክ አንድ ፎቶ አንሱት። የምትስሉት ከፎቶው አይደለም፤ ጥላው ሲሸሽ "መጀመሪያ የት ነበር?" ብላችሁ የምትጠይቁት ነው።

ማታ ብቻ ነው የሚመቸኝ የምትሉ፣ አንድ አምፖል በግራ በኩል ከጣሳው ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። መብራት ቢጠፋ ግን በሻማ አትቀጥሉ። ነበልባሉ ሲወዛወዝ ጥላው አብሮ ይደንሳል፤ እናንተም ስታሳድዱት ታመሻላችሁ።

በጣሳው ቀኝ፣ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ሳህን አቁሙ። ለምን እንደሆነ ሰባተኛው ላይ ታያላችሁ።

2. የምትቀመጡበትን ቦታ ቆልፉት

ከጣሳው 1 ሜትር ራቁ፤ ዓይናችሁም ከጣሳው አፍ 35 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። የወንበሩን እግሮችና የጣሳውን ዙሪያ በጠመኔ ምልክት አድርጉባቸው። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው፦ አንድ ቀን ግማሽ ላይ ስደርስ ከኋላዬ የመጣ ሰው ጣሳውን አንሥቶ ከባልዲው ውሃ ቀዳበት፣ ጠጣበትና "ይቅርታ" ብሎ ሌላ ቦታ አስቀመጠው።

አሁን እርሳሱን አስቀምጡና ግማሽ ድረስ ሻይ ያለበት ብርጭቆ አንሡ። የሻዩ ገጽ ከዓይናችሁ ጋር እኩል እስኪሆን ከፍ አድርጉት። ገጹ ቀጭን መስመር ይሆናል። ቀስ እያላችሁ ዝቅ አድርጉት። መስመሩ እንደ አፍ ይከፈታል፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ክብ ወደ መሆን ይጠጋል። ሻዩ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ከዓይናችሁ ያለው ርቀት ወደ ታች ነው። የጣሳው መቀመጫ ከአፉ ይልቅ ከዓይናችሁ በታች ስለሆነ፣ የመቀመጫው ሞላላ ከአፉ ሞላላ የበለጠ መከፈት አለበት። ጣሳ የሚሳለው በዚህች ነገር ነው። ሻዩን መጠጣት ትችላላችሁ።

3. ለኩ

አንድ ዓይን ጨፍኑ። ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፣ ክርናችሁ አይታጠፍ። እርሳሱን አግድም ይዛችሁ የጫፉን ሹል ከጣሳው ግራ ጠርዝ ጋር አጋጥሙ፤ አውራ ጣታችሁን ቀኝ ጠርዙ ላይ አቁሙ። ጣታችሁን ሳታንቀሳቅሱ እርሳሱን ወደ ቁም አዙሩትና ያ ስፋት በቁመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ቁጠሩ። ከአፉ የኋላ ጠርዝ እስከ መቀመጫው የፊት ጠርዝ ድረስ የኔው አንድ ጊዜ ተኩል ይሆናል።

የአፉንም መክፈቻ እንዲሁ ለኩ። በዚህ ርቀትና ከፍታ የአፉ ቁመት የስፋቱ አንድ ሦስተኛ ይሆናል። "ከዚያ በላይ ነው" የምትሉ ከሆነ ወይ ቀርባችኋል፣ ወይ አንገታችሁን አስግጋችኋል። ልጆቹ ሁሉ አፉን ከፍተው ነው የሚስሉት፤ ክብ መሆኑን ስለሚያውቁ ክብ ያደርጉታል።

4. ሞላላዎቹ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሁሉንም በኤችቢ፣ ራሳችሁ ብቻ እስክታዩት ድረስ በቀላሉ ሳሉ።

ሀ. ወረቀቱ መሃል ላይ 11 ሳንቲሜትር ቀጥ ያለ የቁም መስመር በማስመሪያ አስምሩ። ይህ የጣሳው ምሰሶ ነው፤ ኋላ ይጠፋል። (ከላይ ወደ ታች ስለምታዩት 12ቱ አጥሮ 11 ይመስላል።)

ለ. በምሰሶው ላይኛው ጫፍና ታችኛው ጫፍ ላይ አግድም መስመር አስምሩ፣ ከምሰሶው ግራና ቀኝ 5፣ 5 ሳንቲሜትር። ከምሰሶው ጋር ትክክለኛ መስቀል ይሥሩ። እዚህ ላይ የተጋደለ መስቀል የሚወልደው የተጋደለ ጣሳ ነው።

ሐ. ላይኛው መስቀል ላይ፣ ከመሃሉ ወደ ላይና ወደ ታች 1.6 ሳንቲሜትር ነጥብ አድርጉ። ታችኛው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች 2.1። ላይኛው 3.2፣ ታችኛው 4.2 ሆነ ማለት ነው። የልዩነቱ ማነስ አያሳስባችሁ፤ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጠው ይቺው 1 ሳንቲሜትር ናት።

መ. አሁን ማስመሪያውን ወደዚያ አስቀምጡ። እርሳሱን ከጫፉ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ የሚንቀሳቀሰው ክንዳችሁ እንጂ ጣታችሁ አይሁን። ወረቀቱን ሳትነኩ በአየር ላይ አራት አምስት ጊዜ አራቱን ነጥቦች እየዳበሳችሁ ዙሩ። እጃችሁ መንገዱን ሲለምድ፣ መዞሩን ሳታቆሙ ዝቅ አድርጉት። ሦስት አራት ቀላል መስመር ተደራርቦ ይወጣል፤ ከመሃላቸው ትክክለኛውን ትመርጣላችሁ። አንድ ጊዜ በአንድ መስመር ልጨርስ ያለ ሰው ሲሳካለት አላየሁም።

ሠ. ታችኛውንም ሙሉ በሙሉ ሳሉት፣ የማይታየውን የኋላ ግማሽ ጭምር። ግማሹን ብቻ የሚስል ሰው ጎኖቹን ያሾላል።

ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ታቹን ቀጥ አድርጋ አሰመረችው። ለምን ስላት፦

"ጋሼ፣ ጣሳው እኮ ጠረጴዛ ላይ ነው የተቀመጠው። ጠረጴዛው ደግሞ ቀጥ ያለ ነው።"

"ልክ ነሽ። አፉስ?"

"አፉማ ክብ ነው፤ ይታየኛል።"

"ጣሳውን ገልብጪው።"

ገለበጠችው። መቀመጫ የነበረው አሁን ላይ ሆኖ ክብ ሆኖ ታያት። አፉ ታች ሆነ። ትንሽ ዝም አለችና ላጲሱን አነሣች። ማብራሪያዬን ሳልጀምር ጨረሰችው፤ ስለዚህ እናንተም ካላመናችሁ ገልብጡት።

ሞላላው አልወጣ ሲላችሁ፦

ግራና ቀኝ ከሾለ ሳምቡሳ ሆኗል። ጫፎቹን አጥፉና እዚያ ቦታ ላይ ጠባብ ግን ክብ የሆነ መታጠፊያ ስጡት። ሞላላ የትም ቦታ ላይ ማእዘን የለውም።

ላይና ታቹ ቀጥ ብሎ ጫፎቹ ብቻ ከተቆለመሙ የስታዲየም መሮጫ ሠርታችኋል። ሞላላ ቀጥ ያለ ቦታም የለውም።

አንዱ ጎን ከሌላው ከወፈረ፣ ወረቀቱን ገልብጣችሁ መስኮት ላይ ለጥፉና በጀርባው እዩት። ዓይናችሁ የለመደውን ስህተት በጀርባ በኩል ወዲያው ይይዘዋል። አሁንም ካልታያችሁ ወረቀቱን ዘቅዝቁት።

ሞላላው ጥሩ ሆኖ ግን ዘንበል ካለ፣ ችግሩ ከምሰሶው ነው። አትጠግኑት፤ ከ"ሀ" ጀምሩ። አምስት ደቂቃ ነው።

5. ጎኖቹንና ከንፈሩን

ከላይኛው ሞላላ ግራ ጫፍ እስከ ታችኛው ግራ ጫፍ መስመር አውርዱ፤ ቀኙንም እንዲሁ። መስመሩ ሞላላውን ነክቶ ይለፍ እንጂ አይቁረጠው፤ ሲገናኙ ስብራት መታየት የለበትም። ከዚያ የታችኛውን የኋላ ግማሽ፣ ምሰሶውንና መስቀሎቹን አጥፉ። ላጲሱን አታሹ፤ ነካ ነካ አድርጉ።

የጣሳ አፍ ከንፈር አለው። ከመጀመሪያው ሞላላ ውስጥ ሌላ ሞላላ ሳሉ፤ ግን በዙሪያው እኩል ርቀት አትስጡት። ግራና ቀኝ ላይ ከንፈሩ ወፈር ይላል፣ ከፊትና ከኋላ ይሳሳል። እኩል ያደረጋችሁት እንደሆነ አፉ የተለጠፈ ቀለበት ይመስላል።

6. የጥቁረት ደረጃ ሳጥኖች

ወረቀቱ ጥግ ላይ ወይም ሌላ ቁራጭ ላይ አምስት ሳጥን በተርታ ሥሩ፣ እያንዳንዱ 2 ሳንቲሜትር። አንደኛው ባዶ ይቅር። ሁለተኛውን በኤችቢ ቀለል አድርጋችሁ፣ ሦስተኛውን በ2ቢ፣ አራተኛውን በ4ቢ፣ አምስተኛውን በ6ቢ ሙሉ። ደረጃው እኩል እኩል እስኪሆን አስተካክሉ። ኤችቢ ብቻ ያላችሁ አራተኛው ላይ ቁሙ፤ ሥዕላችሁ ፈዘዝ ይላል እንጂ አይበላሽም።

ከዚህ በኋላ "ትንሽ ጠቆር ይበል" የሚል ነገር የለም። ቦታውን ታያላችሁ፣ ከሳጥኖቹ ጋር ታስተያያላችሁ፣ ቁጥር ትሰጡታላችሁ።

7. ጥላው

ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ጣሳውን እዩት። ዝርዝሩ ይጠፋና ከግራ ወደ ቀኝ የተደረደሩ የቁም ንጣፎች ይቀራሉ። ብርሃኑ ከግራ ከሆነ፣ በ10 ሳንቲሜትሩ ስፋት ላይ የኔው ጣሳ እንዲህ ነው፦

ከ0 እስከ 1፦ ቀለል ያለ ግራጫ፣ ቁጥር 2። አዎ፣ በብርሃኑ ወገን ሆኖም ጠርዙ ትንሽ ይጠቁራል፤ ከመስኮቱ ዞር ብሏልና።
ከ2 እስከ 3 ተኩል፦ ከሁሉ የበራው። ወረቀቱ ራሱ፣ ቁጥር 1። እርሳስ አይነካውም።
ከ4 እስከ 6፦ ከ2 ወደ 3 ቀስ እያለ የሚሸጋገር።
ከ7 እስከ 8፦ ከሁሉ የጠቆረው፣ ቁጥር 4፣ በመሃሉ 5።
ከ9 እስከ 10፦ መልሶ ወደ 3 ይቀላል።

የመጨረሻው ነው ሰውን የሚያስተው። ከሁሉ የጠቆረው ቦታ ጠርዙ አይደለም፤ ከጠርዙ ገባ ብሎ ነው። ጠርዙን ያቀለለው በቀኝ ያቆማችሁት ነጭ ወረቀት የመለሰው ብርሃን ነው። ካላመናችሁ ወረቀቱን አንሡና እዩ፤ ጠርዙ ይጨልማል። መልሱት፣ ይበራል። እኔ ይህን እስካይ ድረስ ስንት ዓመት ጠርዝ ሳጠቁር እንደኖርኩ አልነግራችሁም።

እናንተ ግን የኔን ቁጥሮች አትገልብጡ፤ የራሳችሁን ጣሳ አይታችሁ ከሳጥኖቹ ጋር አስተያዩ።

አጠቋቆሩ በአራት ዙር ነው፦

አንደኛ ዙር። ኤችቢን በጎኑ ይዛችሁ፣ ከላይ ወደ ታች በቁም መስመር፣ ከብርሃኑ ንጣፍ በቀር ሁሉንም በቁጥር 2 ሸፍኑ። መስመሮቹ ይደራረቡ፣ ክፍተት አይኑር። አትጫኑ።

ሁለተኛ ዙር። በ2ቢ ከ4 ሳንቲሜትር ጀምራችሁ እስከ ቀኝ ጠርዝ። ስትጀምሩ እርሳሱ ወረቀቱን ገና ሊነካ ነው እንደማለት፤ ወደ ቀኝ ስትሄዱ እየጠነከረ ይሂድ።

ሦስተኛ ዙር። በ4ቢ ከ6 እስከ 9። ግራና ቀኝ ጫፉ በሁለተኛው ዙር ውስጥ ይሟሟ፣ ድንበር አይታይ።

አራተኛ ዙር። በ6ቢ ከ7 እስከ 8 ብቻ፣ በቁጠባ። 6ቢ አንዴ ከገባ በቀላሉ አይወጣም።

በመጨረሻ በ2ቢ፣ እጅግ ቀለል አድርጋችሁ፣ የጣሳውን ክብነት ተከትለው የሚታጠፉ አግድም መስመሮችን ጣል ጣል አድርጉ። ላይ ላይ ያሉት እንደ አፉ ጠፍጠፍ፣ ታች ያሉት እንደ መቀመጫው ጎበጥ ይበሉ።

ማለስለስ ካስፈለገ ሶፍት ጣታችሁ ላይ ጠቅልሉና ከብርሃኑ ወደ ጥቁሩ ጥረጉ። ተቃራኒውን ካደረጋችሁ ጥቁሩን ጎትታችሁ ብርሃኑን ታቆሽሻላችሁ። በባዶ ጣት አታሹ፤ የእጅ ወዝ የነካው ቦታ ላይ ኋላ እርሳስ እኩል አይዝም። እንጀራ ስትጎርሱ ቆይታችሁ ከሆነማ እጃችሁን ታጠቡ።

ሲበላሽ፦

ንጣፎቹ እንደ ጥለት መስመር መስመር ሆነው ከቀሩ፣ ጥቁሩን አትንኩ። በሁለቱ መሃል ያለውን ድንበር ብቻ በኤችቢ ሸፍኑ።

ከጠቆረባችሁ፣ ላጲሱን ወረቀቱ ላይ ጫን አድርጋችሁ አንሡ፣ ጫን አድርጋችሁ አንሡ። አትፈትጉ። ሲቆሽሽ በሌላው ጎን።

ካብለጨለጨ፣ ተጭናችኋል። የሚያብለጨልጨው ላይ ተጨማሪ እርሳስ አይይዝም። በላጲስ ነካ ነካ አድርጋችሁ አንሡለትና በለሰለሰው እርሳስ በቀላሉ መልሱት።

የቀኙ ጠርዝ በጣም ከበራ፣ ከቀኝ ሁለተኛ መስኮት ያለ ይመስላል። የተመለሰ ብርሃን ሁልጊዜ ከብርሃኑ ወገን ይጨልማል፤ በ2ቢ አንድ ዙር ጨምሩበት።

የብርሃኑ ንጣፍ ከቆሸሸ፣ ቅድም በምላጭ ስለት ባወጣችሁለት ላጲስ ከላይ ወደ ታች አንዴ ሳቡት።

8. የጣሳው ውስጥ

ውስጡ የውጭው ግልባጭ ነው። ብርሃኑ ከግራ ስለሚገባ የሚያርፈው በውስጠኛው ቀኝ ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ ውጭው በግራ ሲበራ ውስጡ በግራ ይጨልማል፣ በቀኝ ይበራል። ይህን ብቻ ያስተካከለ ሰው ጣሳው ወዲያው ባዶ ሆኖ ይታየዋል።

ከተቀመጣችሁበት የሚታያችሁ ከውስጠኛው የኋላ ግድግዳ የላይኛው 3 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ቂጡ አይታያችሁም፤ አትሳሉት። የብረቱ ብልጭታ ካስቸገራችሁ ነጭ ወረቀት ጠቅልላችሁ ወደ ውስጥ ክተቱ።

9. ጠረጴዛው ላይ የወደቀው ጥላ

ጥላው ከመቀመጫው ቀኝ ይነሣል። መጀመሪያ በኤችቢ ቅርጹን ብቻ ያዙ፤ ጠረጴዛ ላይ የተኛ ነው፣ እንደ ግድግዳ አይቁም። ከጣሳው ሥር ጠርዙ የለየለትና ጥቁር ነው፤ በራቀ ቁጥር ይቀላል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። እስከ መጨረሻው እኩል አጥቁራችሁ ዙሪያውን ከከበባችሁት የፈሰሰ ቀለም ይመስላል።

ጣሳው ጠረጴዛውን የሚነካበት ቦታ ላይ ከፀጉር ጥቂት የወፈረ መስመር በ6ቢ አስገቡ፣ በጥላው ወገን ብቻ። ይህች መስመር ከሌለች ጣሳው አየር ላይ ይንሳፈፋል።

10. መስመሩን አጥፉ

ጣሳው ዙሪያውን የተሰመረ መስመር የለውም፤ የእናንተም አይኑረው። በቀኝ በኩል ጥላው ራሱ ጠርዝ ይሆናል። በግራ በኩል ነጩ ጣሳ ከነጩ ወረቀት ጋር ከተዋሃደባችሁ፣ ጣሳውን አታስምሩት፤ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ በኤችቢ ትንሽ ግራጫ አድርጉት። ጣሳው ራሱ ወደ ፊት ይወጣል።

ሥዕሉን ከጣሳው ጎን አቁማችሁ በስልክ አብራችሁ አንሡና ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ብዙውን ጊዜ የምታገኙት አንድ ነገር ነው፦ የእናንተ ጥቁር ገና ግራጫ ነው። ፈርታችኋል። ወደ አራተኛው ዙር ተመለሱ።

መጠቅለያውን ስታወልቁት

ወረቀት የለበሰውን ሦስት አራት ጊዜ ከሳላችሁ በኋላ ብረቱን ሞክሩ። ቅርጹ ያው ነው፤ የሚለወጠው ሽግግሩ ነው። ወረቀት ላይ ከብርሃን ወደ ጥላ ቀስ ብሎ የሚሄደው ብረት ላይ ይዘላል፦ ነጩ ንጣፍ አጠገብ ድንገት ጥቁር ንጣፍ ይመጣል፣ ከዚያ ደግሞ ቀጭን ነጭ። በሶፍት አታለስልሱት። ድንበሩን በሹል 4ቢ ለዩት። የምታዩት ጥቁር ንጣፍ የራሳችሁ ሸሚዝ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በመሃል ጃኬት አትልበሱ።

በወገቡ ዙሪያ ያሉት ሸንተረሮች እያንዳንዳቸው የሞላላ የፊት ግማሽ ናቸው። ከላይ ወደ ታች እየጎበጡ ይሂዱ፤ ሁሉንም አንድ ዓይነት አትሳሉ። የእያንዳንዱ ሸንተረር የላይኛው ፊት ይበራል፣ ከሥሩ ቀጭን ጥላ አለው። በጥቁሩ ንጣፍ ውስጥ ሲያልፉ ሸንተረሮቹም ይጨልማሉ፤ ብርሃናቸውን እዚያ ውስጥ ነጭ አድርጎ መተው ጣሳውን ይሰነጥቀዋል።

ዝገት ካለው መጨረሻ ላይ፣ በደነዘ 2ቢ፣ ነጠብጣቡን ከከንፈሩ ሥር ሰብሰብ፣ ወደ ታች በተን አድርጉት።